ባለ727 ፈረስ ጉልበት መኪና በ1.7 ሊትር መቶ ኪሎ ሜትር? የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር በወረቀትና በመንገድ

የጀርመኑ መኪና አምራች ቢ ኤም ደብሊው እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ላይ ሰባተኛውን ትውልድ ኤም 5 ይፋ አደረገ። መኪናው ከውጭ ሲታይ ባለአራት በር የቤት አውቶሞቢል ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ 4.4 ሊትር ይዘት ያለው ባለስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ከአንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ተጣምሮ 727 ፈረስ ጉልበት ያመነጫል። ክብደቱ ባዶውን ከ2 ሺህ 400 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ 24 ኩንታል እህል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጉልበትና ክብደት የተሸከመው መኪና ለአውሮፓ ገበያ ሲቀርብ የያዘው ይፋዊ የነዳጅ ፍጆታ መግለጫ በ100 ኪሎ ሜትር ከ1.6 እስከ 1.7 ሊትር ቤንዚን የሚል ነበር። የኢትዮጵያ አሽከርካሪዎች በለመዱት አነጋገር፣ በአንድ ሊትር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል እንደ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚሄድ አነስተኛ ሞተር ሳይክል እንኳ ቆጣቢ ይባላል።

በዚያው በአምራቹ መግለጫ ላይ ዝቅ ብሎ ሌላ ቁጥር ሰፍሯል። ባትሪው ባዶ ሆኖ መኪናው በቤንዚን ብቻ ሲሄድ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 ሊትር በላይ ይሆናል፤ በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ወረቀት፣ ስድስት እጥፍ የሚራራቁ ሁለት ቁጥሮች። ከሁለቱ አንዱም በሕግ ፊት ውሸት አይደለም፤ ሁለቱም በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ተለክተው የተጻፉ ናቸው። ግብር የሚተመነው፣ የአየር ብክለት ግብ የሚመዘነውና ማስታወቂያ የሚሠራው ግን በትንሹ ቁጥር ነው። ክርክሩም የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ የሚወለድበት ክፍል

የመኪና ይፋዊ የነዳጅ ፍጆታ የሚለካው በመንገድ ላይ አይደለም። መኪናው በቤተ ሙከራ ውስጥ ጎማዎቹ በተሽከርካሪ በርሜሎች ላይ እንዲያርፉ ተደርጎ ይታሰራል፤ አሽከርካሪው አስቀድሞ የተወሰነ የፍጥነት መርሐ ግብር በስክሪን እያየ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሬን ይይዛል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ተሰብስቦ ይመረመራል፤ ከዚያ ላይ የተቃጠለው ነዳጅ ይሰላል። አሠራሩ መጥፎ አይደለም። ሁሉም መኪኖች በአንድ ሚዛን እንዲመዘኑ ያስችላል። ችግሩ ያለው በመርሐ ግብሩ ላይ ነው።

አውሮፓ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ የተጠቀመችበት ኤን ኢ ዲ ሲ የተባለው ሙከራ 20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ 11 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያልሞላ ነበር። የፍጥነት አጨማመሩ ከመዝናናትም በታች ነው፤ እንደዚያ የሚነዳ ሰው ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ሳይሰማ ከተማ ሊያቋርጥ አይችልም። ለአንድ ኃይለኛ የስፖርት መኪና ደግሞ ይህ ሙከራ ሞተሩን ከእንቅልፉ የማይቀሰቅስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው የቀድሞው ትውልድ ኤም 5 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ያኛው የኤሌክትሪክ ሞተር ያልነበረው፣ 600 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ የቤንዚን መኪና ነበር። በአውሮፓው ሙከራ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 10.5 ሊትር ተባለ። አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ የዚያ አገር የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በጋሎን 17 ማይል የሚል መለያ ለጠፈበት፤ ይህ ሲመነዘር በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 14 ሊትር ይጠጋል። የአሜሪካው ኤጀንሲ ከ2008 የመኪና ምርት ዘመን ጀምሮ የፈጣን አነዳድን፣ የአየር ማቀዝቀዣንና የብርድን ውጤት የሚያካትቱ አምስት የሙከራ ዓይነቶችን መሠረት ያደረገ አሠራር ስለሚከተል ቁጥሩ ለመንገዱ ይቀርባል። በዋሽንግተንና አካባቢው በታክሲ ሥራ የተሠማሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን አዲስ መኪና ሲገዙ በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ የሚያዩት ይኸው ቁጥር ነው።

የአውሮፓው ሙከራ ከመንገዱ የራቀው በአንድ ቀን አይደለም። ዓለም አቀፉ የንጹህ ትራንስፖርት ምክር ቤት የተባለው የጥናት ተቋም ባሰባሰበው መረጃ መሠረት በወረቀቱና በእውነተኛው ፍጆታ መካከል የነበረው ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2001 9 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2015 42 በመቶ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መንገዶቹ አልተለወጡም፣ አሽከርካሪዎቹም በድንገት ነዳጅ አባካኝ አልሆኑም። የተለወጠው አምራቾቹ ለሙከራው መዘጋጀታቸው ነው። ፈተናው አስቀድሞ የታወቀ ተማሪ ለፈተናው ያጠናል፤ ትምህርቱን ግን ላያውቀው ይችላል።

ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤን ኢ ዲ ሲን የተካው ደብሊው ኤል ቲ ፒ የተባለው ሙከራ በብዙ ይሻላል። 30 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከ23 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 131 ኪሎ ሜትር ነው። ቢሆንም እንኳ ዳገት የለበትም፣ ነፋስ የለበትም፣ ጭነትና ጭቃም የለበትም።

ትልቅ ሞተር ትንሽ ሥራ ሲሰጠው

ኃይለኛ መኪና ነዳጅ የሚያባክነው በፍጥነት ሲነዳ ብቻ ይመስላል። እውነቱ ከዚህ የተለየ ነው። ኤም 5ን የመሰለ መኪና ሜዳ በሆነ አስፋልት ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍጥነቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ25 ፈረስ ብዙም አይበልጥም። 727 ፈረስ ካለው መኪና ለሥራው የተጠራው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ በትንሽ ጭነት ሲሠራ ውጤታማነቱ ይወርዳል፤ አየር በጠበበ ቀዳዳ ለመሳብ ጉልበት ያባክናል፣ ስምንቱም ሲሊንደሮች ሰበቃቸው አይቀርም፣ የሚሞቀው ብረትም ብዙ ነው። አንዲት ቀላል ጋሪ ለመጎተት አሥር በሬ እንደ መጥመድ ነው፤ ጋሪዋ ትንሽ ብትሆንም አሥሩም በሬዎች ገለባ ይበላሉ።

ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ሌላ ሕግ ይመጣል። አየር መኪናውን የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ሳይሆን በእጥፉ እጥፍ ያድጋል። ከ90 ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያደገ አሽከርካሪ አራት እጥፍ የአየር ግፊት ይገጥመዋል፤ ያንን ለማሸነፍ የሚፈለገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ነው። የፍጥነት ወሰን በሌለባቸው የጀርመን አውራ ጎዳናዎች ላይ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በግምታዊ ስሌት የቤንዚን ሞተሩ ብቻ ሙሉ ጉልበቱን ሳያቋርጥ ቢሰጥ በደቂቃ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ያቃጥላል። የነዳጅ ጋኑ የሚይዘው 60 ሊትር ነው፤ 20 ደቂቃ አካባቢ ማለት ነው። በእርግጥ ከእሽቅድምድም ሜዳ ውጪ እንዲህ የሚነዳ አይኖርም። ሰፋፊዎቹ ጎማዎች፣ የመኪናው ክብደትና ያን ሁሉ ጉልበት ገዝቶ ሳይጠቀምበት መቅረት የማይሆንለት የአሽከርካሪው እግር ሲደመሩ ግን ፍጆታው ከቤተ ሙከራው የሚርቅባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጥቅም አለው፤ መካድ አይገባም። በከተማ መንገድ ላይ ትልቁን ሞተር አጥፍቶ ትንሹን ሥራ በራሱ ይሠራል፣ ፍሬን ሲያዝም የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። በየቀኑ ከ60 ኪሎ ሜትር ያነሰ ለሚነዳና ማታ ማታ ባትሪውን ለሚሞላ ባለቤት መኪናው ለሳምንታት ከነዳጅ ማደያ ላይደርስ ይችላል። ሆኖም በሊትር የተጻፈው ቁጥር ከግድግዳው ሶኬት የተቀዳውን ኤሌክትሪክ አይቆጥርም። 18.6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ከ67 እስከ 69 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ይላል ወረቀቱ። ለዚያ የሚከፈለው ገንዘብ በሌላ ደረሰኝ ላይ ነው።

1.7 ሊትር የተገኘው እንዴት ነው?

እንዲህ ዓይነቱ መኪና ተሰክቶ የሚሞላ ሃይብሪድ ይባላል። ለእንዲህ ዓይነቶቹ መኪኖች ሙከራው ሁለት ጊዜ ይካሄዳል፤ ባትሪው ሞልቶ እና ባትሪው ተሟጥጦ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ምን ያህሉን መንገድ በኤሌክትሪክ፣ ምን ያህሉን በቤንዚን ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህ ሊለካ የሚችል ነገር አይደለም፤ የሰው ልማድ ነው። ስለዚህ ደንቡ በግምት ሞላው። መኪናው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄደው ርቀት በረዘመ መጠን በኤሌክትሪክ የሚነዳው ድርሻም ይበዛል ተብሎ ቀመር ወጣ። በኤሌክትሪክ 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ቀመሩ ከጠቅላላው መንገድ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ያለ ቤንዚን ይሸፈናል ብሎ አሰበ። ከ10 ሊትር በላይ የነበረው ፍጆታ ወደ 1.7 የወረደው በሞተሩ ጥበብ ሳይሆን በዚህ ግምት ነው።

ግምቱ ትክክል ቢሆን ክርክር ባልኖረ። ነገር ግን ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚመዘገቡ አዳዲስ መኪኖች የሚያቃጥሉትን ነዳጅ በራሳቸው የሚመዘግቡበት መሣሪያ እንዲገጠምላቸው ተደረገ። የአውሮፓ ኮሚሽን ከዚህ የተሰበሰበውን የመጀመሪያ ሰፊ መረጃ መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ላይ ይፋ አደረገ። የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች እውነተኛ ፍጆታ ከወረቀቱ አንድ አምስተኛ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ ይህ ከድሮው አንጻር መሻሻል ነው። ተሰክተው በሚሞሉት ሃይብሪዶች ግን ልዩነቱ በመቶኛ የሚነገር አልሆነም፤ በአማካይ ሦስት እጥፍ ተኩል ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙዎቹ አይሰኩም። ከላይ የተጠቀሰው ምክር ቤትና የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት የግል ባለቤቶች ከሚነዱት መንገድ ግማሽ ያህሉን በኤሌክትሪክ ሲሸፍኑ፣ የድርጅት መኪና የተሰጣቸው አሽከርካሪዎች የሸፈኑት ከ11 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነበር። ለድርጅት መኪና ቤንዚኑን የሚከፍለው በአብዛኛው ድርጅቱ ነው፤ ለኤሌክትሪኩ ግን ሠራተኛው ቤቱ ገብቶ ገመድ መዘርጋት አለበት። ለሌላ ሰው ኪስ ብሎ በየማታው የሚደክም ብዙ አይገኝም።

ልዩነቱን ማን ይከፍላል?

ጉዳዩ የሀብታሞች መጫወቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ። በጀርመን አንድ ሠራተኛ የድርጅቱን መኪና ለግል ጉዳዩም ሲጠቀም በየወሩ ከመኪናው ዋጋ 1 በመቶው እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይሰላበታል። ተሰክቶ የሚሞላ ሃይብሪድ ሆኖ በኪሎ ሜትር የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በወረቀት ከ50 ግራም ካልበለጠ ግን የሚቆጠረው ግማሹ ብቻ ነው። ኤም 5 ለገበያ ሲቀርብ የተጻፈለት ከ40 ግራም በታች ነበር። ያኔ በጀርመን ዋጋው ከ144 ሺህ ዩሮ ይጀምር ነበር፤ ስለዚህ በየወሩ 1 ሺህ 440 ዩሮ ሊቆጠርበት ሲገባ 720 ብቻ ይቆጠር ነበር። ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲሄድ የሚለቀው ጭስ በኪሎ ሜትር ከ230 ግራም ይበልጣል። አየር ንብረትን ለመጠበቅ ተብሎ የተቀነሰ ግብር ለባለስምንት ሲሊንደር የስፖርት መኪና ዋለ ማለት ነው፤ ክፍተቱን የሚሸፍነው ደግሞ አነስተኛ መኪና የሚነዳው ግብር ከፋይ ነው።

አምራቾቹም ከዚሁ ይጠቀማሉ። የአውሮፓ ኅብረት ለእያንዳንዱ አምራች በዓመት ከሸጣቸው መኪኖች አማካይ ጭስ ላይ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ ጣሪያውን ላለፈ ለእያንዳንዱ ግራም በእያንዳንዱ መኪና 95 ዩሮ ያስቀጣል። ከ40 ግራም በታች የተጻፈለት ኃይለኛ መኪና አማካዩን ወደ ታች ይስባል እንጂ ወደ ላይ አይገፋም። ተፎካካሪው መርሰዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው ኤ ኤም ጂ ሲ 63 የቀድሞውን ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ትቶ 2 ሊትር ይዘት ያለው ባለአራት ሲሊንደር ሞተርና 6.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ማስገባቱ ከዚህ ስሌት ተለይቶ የሚታይ አይደለም። 680 ፈረስ ጉልበት ያለው ይህ መኪና በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄደው 13 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተጻፈለት ፍጆታ ግን 6.9 ሊትር ሆነ።

ኮሚሽኑ ቀመሩን እያረመው ነው። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት በኤሌክትሪክ 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በኤሌክትሪክ ይሸፍናል የሚባለው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ከነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሁለተኛ እርምጃ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ። በዚህ ስሌት የኤም 5 ዓይነት መኪና የወረቀት ፍጆታ ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ አንድም ብሎን ሳይለወጥ። የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር እርምጃውን ተቃውሟል። አንድ ሞዴል ለመንደፍ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ደንቡም በመሃል ሲለወጥ ኢንዱስትሪው እንደሚጎዳ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከመኪኖቹ ራሳቸው የተነበበ መረጃ እያለ በድሮው ግምት መቀጠል አስቸጋሪ ነው። አሮጌው ቀመር የቆመው ማንም ስላልለካ ነበር፤ አሁን ተለክቷል።

ገበሬዎች ቀድመው የጠየቁት ጥያቄ

ይህ ሙግት ለግብርናው ዓለም አዲስ አይደለም። የምርምር ጣቢያ ላይ በመስመር ተዘርቶ፣ በወቅቱ ታርሞ፣ ማዳበሪያው ተመጥኖ የተሰጠው ምርጥ ዘር የሚያስገኘው የሄክታር ምርት በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ እንደማይደገም ማንኛውም የልማት ሠራተኛ ያውቃል። ዘሩ ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ቁጥሩ የተወለደበት ማሳና ዘሩ የሚዘራበት ማሳ ስለሚለያዩ ነው። ለዚህም ነው በምርምሩ ዘርፍ አንድ ዝርያ በአርሶ አደር ማሳ ላይ ጭምር የሚፈተሸው።

በሞተር በኩል ደግሞ አሜሪካዊቷ የነብራስካ ግዛት ትጠቀሳለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትራክተር የሚሸጡ ኩባንያዎች ያሻቸውን የፈረስ ጉልበት እየጻፉ ገበሬውን ያታልሉ ነበር። የማይሠራ ትራክተር ገዝቶ የተቃጠለው ገበሬ ዊልሞት ክሮዚየር የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1919 አንድ ሕግ እንዲወጣ አደረገ። በዚያ ሕግ መሠረት ማንኛውም ትራክተር በግዛቲቱ ከመሸጡ በፊት በገለልተኛ ወገን ጉልበቱና የነዳጅ ፍጆታው ሊፈተሽ ግድ ሆነ። በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1920 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬም ትራክተሮችን ይፈትሻል። ፈተሻውም መኪኖቹ ከሚያልፉበት የተሻለ አንድ ነገር አለው፤ ትራክተሩ ጭነት እየጎተተ በተለያየ የጭነት መጠን ስንት ነዳጅ እንደሚያቃጥል ለየብቻ ይጻፋል እንጂ ሁሉም ተጨፍልቆ አንድ ቁጥር አይሆንም። ጥቁር መረሬ አፈር የሚያርስና ቀላል አሸዋማ አፈር የሚያርስ ገበሬ ከአንድ ትራክተር ሁለት ዓይነት የናፍጣ ወጪ እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ኤም 5 የሚገዛው ጀርመናዊም ከተማ ውስጥ ስንት፣ በአውራ ጎዳና ላይ ስንት፣ ባትሪው ባዶ ሲሆን ስንት የሚለውን በአንድ ዓይን ቢያይ 1.7 የሚባለው ቁጥር የሚያሳስተው ባልሆነ።

ዳገት የሌለው ፈተና፣ ዳገት የበዛበት አገር

ኢትዮጵያ ውስጥ ኤም 5 የሚገዛ ሰው ፍለጋ መውጣት አያስፈልግም። መንግሥት ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። የነዳጅ ፍጆታ ጉዳይ ግን ለኢትዮጵያ ከጀርመን የበለጠ ከባድ ነው፤ የምታቃጥለውን ቤንዚንና ናፍጣ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለችና። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ እያንዳንዱ አሽከርካሪ መኪናው በሊትር ስንት እንደሚሄድ ዳግም ለማስላት ተገድዷል።

የወረቀት ቁጥሩም መልኩን ለውጦ መጥቷል። ዛሬ በገበያው ላይ ያሉት በርካታ የኤሌክትሪክ መኪኖች የቻይና ሥሪት ናቸው፤ አንድ ጊዜ ተሞልተው ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ የሚለው ቁጥራቸውም ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ሲ ኤል ቲ ሲ ከተባለው የቻይና ሙከራ ነው። የዚህ ሙከራ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ደግሞ 114 ነው። የተጨናነቀ የከተማ መንገድን ይመስላል። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከዚህ የሚመች የለም፤ በዝግታ ሲሄድ አየር አይጫነውም፣ በቆመ ቁጥርም ጉልበቱን ይሰበስባል። ያው መኪና በአውሮፓው ሙከራ ቢለካ ቁጥሩ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚመላለስ ባለቤት የቻይናው ቁጥር ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው ግን መተማመኛ አይሆንም።

በመንገዱ ላይ ዓባይ አለ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው ገደል ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ መልሶም ይወጣል። ከላይ ከተነሱት የፍጆታ ሙከራዎች አንዱም እንዲህ ያለ ዳገት የለበትም፤ ሁሉም በሜዳ የሚካሄዱ ናቸው። ጭነቱን ጨምሮ 8 ቶን የሚመዝን አይሱዙ 1 ሺህ ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፣ የአየሩና የጎማው ሰበቃ ሳይቆጠር፣ ክብደቱን ከፍ ለማድረግ ብቻ ወደ 6 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል። ሲወርድ ያን ጉልበት ፍሬኑ ላይ አሙቆ ይጥለዋል። 1 ሺህ 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው ዳገት 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን ጥሩ ድርሻውን መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል፣ ባትሪው ሞልቶ ካልጀመረ። ጎሐ ጽዮን ላይ ሞልቶ የሚነሳ መኪና ቁልቁለቱ የሚሰጠውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ይህን የሚያውቅ አሽከርካሪ ከወንዙ ማዶ ይሞላል።

ከፍታው ራሱም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃንን በመሳሰሉ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ስለሚያጣ አሽከርካሪው ማርሽ እየቀነሰ አጥብቆ ይረግጣል። በሌላ በኩል የሳሳው አየር መኪናውን የሚጫነው በዚያው መጠን አንሶ ነው፤ ሜዳማ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት ለሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ይህ ትርፍ ነው፤ የክረምት ብርድ ከባትሪው የሚቀንሰው ግን አለ። ሁለቱ ተጣፍተው ምን እንደሚቀር በሻንጋይ ወይም በሙኒክ ቤተ ሙከራ የሚታወቅ አይደለም።

ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪኖች የሄዱትን ርቀትና የበሉትን ኪሎ ዋት ሰዓት በራሳቸው ይመዘግባሉ፤ የአውሮፓ ኮሚሽን የ1.7 ሊትሩን ግምት ያፈረሰው እንዲህ ባለው ምዝገባ ነው። የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና መኪና የሚያከራዩ ማኅበራት በየመስመሩ የሚመዘገበውን ሰብስበው ከአዲስ አበባ ደጀን፣ ከደጀን ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጎንደር በየወቅቱ ስንት እንደሚፈጅ ለሕዝብ ይፋ ቢያደርጉ ገዢው ሻጩ ከሚነግረው ቁጥር ሌላ የሚይዘው ይኖረዋል። ባንክም ለመኪና ብድር ሲሰጥ የሚያሰላው የወር ወጪ ከዚያ ላይ ሊነሳ ይችላል።